ኬሚስትሪ ከጓዳ ሲጀምር

አንባቢ ሆይ፤ የዛሬው ጨዋታችን የሚነሣው ከአንድ ኩንታል ነጭ ዱቄት ነው።

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር አንድ አብሮ አደጌ፥ በወረዳ መሥሪያ ቤት የተቀጠረ ወጣት፥ ለገበሬዎች የግብርና ኖራ ለማደልና አጠቃቀሙን ለማስረዳት ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ወዳለ ቀበሌ ሄዶ ነበር። ሕዝቡ ከዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስቦ ሳለ አንድ ሽማግሌ ከኩንታሉ ጥቂት ዘግነው በመዳፋቸው እያሹ፥ «ልጄ፤ ይህ ዱቄት ለመሬቴ ምን ያደርግለታል?» ብለው ጠየቁት።

«አባቴ፤ የአፈሩን ፒኤች ያስተካክላል» አለ ወዳጄ።

«ፒኤች የሚሉት ደግሞ ማን ነው?»

ሕዝቡ ሳቀ። ወዳጄም አብሮ ሳቀ፤ ነገር ግን መልስ አልነበረውም። ይህ ሰው በተማሪነቱ ዘመን ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ቢጠይቁት የፒኤችን ትርጉም በእንግሊዝኛ አንዲት ቃል ሳያስቀር የሚያንበለብለው ነበር። ያን ያህል የሚያውቀውን ነገር ለአንድ ገበሬ በአማርኛ ሊያስረዳው አልቻለም።

ታሪኩን ማታ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሲያጫውተኝ እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ጠፋ። ያችን ዐረፍተ ነገር በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ለተማሪ የማስገለብጥ የኬሚስትሪ መምህር እኔው ነኝና።

ነገሩ የወዳጄና የእኔ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በአገራችን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። ለዚህ ውጤት ጦርነቱም፥ የመጻሕፍት እጥረቱም፥ የቤተ ሙከራ መጓደሉም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። እኔ ግን በየቀኑ ክፍል ውስጥ የማየው አንድ ሌላ ምክንያት አለ፤ ይኸውም ተማሪው ኬሚስትሪን ከባሕር ማዶ የመጣ፥ ከእናቱ ቤት ጋራ ምንም ዝምድና የሌለው እንግዳ አድርጎ መቁጠሩ ነው። እንግዳን ሰው ያከብረዋል እንጂ አይላመደውም።

«መድኃኒቱ ዘመናዊ መሣሪያ ነው» የሚሉ ብዙ ናቸው። መሣሪያውንማ አይተነዋል። በ1997 ዓ.ም. ግድም በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ «ፕላዝማ» የተባለው ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ በደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት አማካይነት ለመላው አገር በአንድ ጊዜ ይሠራጭ ጀመር። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ቤተ ሙከራ ገብቶ የማያውቅ የገጠር ልጅ ሙከራ ሲሠራ በዓይኑ እንዲያይ ያደርጋልና። ይሁን እንጂ ሥዕሉ ተማሪውን አይጠብቅም። ጥያቄ ያለው ልጅ አያስቆመውም፤ የእንግሊዝኛው ፍጥነትና የአነጋገሩ ቃና ለብዙው ተማሪ እንግዳ ነበር፤ መብራት የጠፋ እንደ ሆነም የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋል። መምህሩ በመጀመሪያና በመጨረሻ በተተወችለት ጥቂት ደቂቃ «አሁን የሚመጣው ይህ ነው፤ ያለፈውም ያ ነበር» እያለ ከአስተማሪነት ወደ አስተዋዋቂነት ወረደ።

ዛሬ ደግሞ ፕላዝማው በኪሳችን ገብቷል። ተማሪዎቼ በስልካቸው ውስጥ በቴሌግራም የተላከላቸው የቆየ የፈተና ወረቀትና የትምህርት ማስታወሻ በመቶ የሚቆጠር አላቸው። «ከዚህ ሁሉ ከፍተህ ያነበብኸው ስንቱን ነው?» ብዬ ስጠይቅ ግን አንዱ አንገቱን ይደፋል፤ ሌላው ጣቶቹን ይቆጥራል። መሣሪያው ተለወጠ እንጂ በሽታው አልተለወጠም።

እኔም ብሆን ከዚህ ስሕተት አልዳንሁም። በመጀመሪያው የማስተማር ዓመቴ ኮምፒውተርና ፕሮጀክተር በልመና ተውሼ ስለ አሲድና ስለ ቤዝ የተሠራ ውብ ፊልም አሳየሁ። ለሃያ ደቂቃ በክፍሉ ውስጥ ጸጥታ ነገሠ፤ የትምህርቱ ፍሬ መሰለኝና ደስ አለኝ። በማግሥቱ ስጠይቃቸው ያስታወሱት የሙዚቃውን ዜማና የአስተማሪውን ትልቅ መነጽር ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት መንገዴን ለወጥሁ። በዚያ ቀን መጽሐፍም ፊልምም ሳልይዝ ክፍል ገባሁና፥ «የአልጫ ወጥ በእናታችሁ ነጠላ ላይ ቢፈስና በሳሙና ብታሸው፥ ቢጫው ምን ይሆናል?» ብዬ ጠየቅሁ። ጥቂት ዝምታ ሆነ። ከኋላ ወንበር፥ በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቅ አንዲት ልጅ እጅዋን አወጣችና፥ «ይቀላል ቲቸር፤ ሎሚ ሲነካው ደግሞ ተመልሶ ቢጫ ይሆናል» አለች።

አንባቢ ሆይ፤ ያች ልጅ በዚያች አንዲት ዐረፍተ ነገር የአሲድና የቤዝ ትምህርት ግማሹን ተናገረች። ለአልጫው ቢጫ መልክ የሚሰጠው እርድ፥ አሲድ ባለበትና ውሃን በመሰለ ገለልተኛ ነገር ውስጥ ቢጫ ሆኖ ይኖራል፤ ሳሙናን የመሰለ ቤዝ ሲያገኘው ግን ቀይ ቡናማ ይሆናል። ሳይንቲስቶች እንዲህ ያለውን መልኩን እየለወጠ የሚመሰክር ነገር «አመልካች» ይሉታል። ልጅትዋ ነገሩን አውቃው ኖራለች፤ የጐደላት ስሙ ብቻ ነበር።

በማግሥቱ እያንዳንዱ ቡድን ከቤቱ እርድ፥ አመድ፥ ሎሚ፥ ሳሙናና ከቡሖ ዕቃ የተቀዳ እርሾ ይዞ መጣ። ነጭ ወረቀት በእርድ ውሃ ነክረን አደረቅን። አመዱን በውሃ በጥብጠን አጠለልነውና አንዲት ጠብታ ወረቀቱ ላይ ብናሳርፍ ወዲያው እንደ ሸክላ ቀላ፤ ሎሚ ብንጨምርበት ወደ ቢጫነቱ ተመለሰ። እርሾው ግን በወረቀቱ ላይ ምንም ለውጥ አላመጣም። አንዱ ተማሪ፥ «ታዲያ እርሾ አሲድ አይደለም ማለት ነው? ይህን ያህል እየኮመጠጠ?» ብሎ ተከራከረ።

እውነተኛው ትምህርት የጀመረው እዚህ ላይ ነው። እርድ ቤዝን ብቻ የሚገልጥ ምስክር ስለሆነ፥ አሲድንና ውሃን ለይቶ ሊነግረን አይችልም። ሌላ ምስክር አስፈለገን፤ ከገበያ ከርከዴ ገዝተን በውሃ አፈላነው። ከርከዴው በእርሾ ላይ ደማቅ ቀይ ሆነ፤ በአመዱ ውሃ ላይ ወደ አረንጓዴነት ተለወጠ። ተከራካሪው ልጅ ረታ። ከዚያ ወዲህ የእርሱን ክርክር ለማስቆም የሚችል የለም፤ እኔም ማስቆም አልፈልግም።

ፒኤች ራሱ የተወለደው ከዚህ ከእኛ ጓዳ ብዙ ሳይርቅ ነው ብል ያምኑኛል? ይህን መለኪያ በ1909 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሶረን ሶረንሰን የተባለ የዴንማርክ ኬሚስት ሲሆን፥ ይሠራ የነበረው በካርልስበርግ የቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ነበር። ቢራና ጠላ ወንድማማቾች መሆናቸውን ለጎጃም ሰው መንገር አያስፈልግም። «አልካሊ» የሚለው ቃልም ቢሆን ከዐረብኛ የመጣና አመድን የሚያመለክት ነው፤ ፖታሲየም የተባለው ንጥረ ነገርም በእንግሊዝኛ ስሙን ያገኘው በድስት ውስጥ ከሚዘጋጅ የአመድ ውጤት ነው። እንግዲህ ፈረንጅም ሳይንሱን የጀመረው ከእናቱ ምድጃ ነበር። እኛ ግን በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፥ የራሳችንን ምድጃ ከሳይንስ ውጭ አድርገነዋል።

ስልኩንና ኮምፒውተሩን ያወጣሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ምሁራን፥ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን በ2002 እ.ኤ.አ. በጀመረው ሥራ፥ «ፌት» የሚባሉ የሳይንስ ማሳያዎች አዘጋጅተዋል። በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። የፒኤቹን ማሳያ ብንከፍት ቡና፥ ወተት፥ የብርቱካን ጭማቂ፥ የዶሮ ሾርባ፥ ምራቅ፥ የእጅ ሳሙና እያለ ይዘረዝራል። ተማሪዎቼ ወዲያው፥ «እርሾስ የት አለ?» አሉ። አልነበረም። እንግዲያው ቦታውን ፈልጉለት አልኋቸው፤ በከርከዴው ቅላት እያመዛዘኑ ከብርቱካን ጭማቂው አጠገብ አስቀመጡት። በእርግጥም የበሰለ የጤፍ ቡሖ ፒኤች ብዙውን ጊዜ ከ4 በታች ስለሆነ ፍርዳቸው ትክክል ነበር። ከዚህ በኋላ ማሳያው በዓይን የማይታዩትን ቅንጣቶች አቅርቦ ሲያሳያቸው፥ በእጃቸው የነኩትን ነገር ውስጡን አዩት። ፊልም ማለት ይህ ነው፤ ዓይን የማይደርስበትን ለማሳየት እንጂ ዓይን የሚያየውን ለመተካት አይደለም።

«ኢንተርኔት በሌለበት ይህ እንዴት ይሆናል?» ይሉኝ ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየበት ጊዜ ሁላችንም አንድ ነገር ተምረናል፤ በእጅ የገባውን ፋይል በሚሞሪና በብሉቱዝ መቀባበል ይቻላል። አንድ ስልክ ለስድስት ተማሪ በቂ ነው። እንዲያውም ይሻላል፤ ስድስቱ ይከራከራሉና።

ይህን መንገድ ያገኘሁት እኔ አይደለሁም። የናይጄሪያው ምሁር ፕሮፌሰር ፒተር ኦኬቡኮላ ባህልን፥ ቴክኖሎጂንና አካባቢን ያጣመረ የማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጅተዋል። መምህሩ የሚመጣውን ትምህርት ርእስ አስቀድሞ ይነግራል፤ ተማሪው ወላጆቹንና ሽማግሌዎችን ጠይቆ ከርእሱ ጋራ የሚዛመድ የአገር ዕውቀት ይዞ ይመጣል፤ በስልኩም ስለዚያው ነገር ይፈልጋል። ወንድና ሴት፥ ጎበዝና ደካማ ተደባልቀው በቡድን ይወያያሉ፤ መምህሩ ከአካባቢው ምሳሌ እየጠቀሰ ያስተምራል፤ በመጨረሻም የትምህርቱ አሳብ ባጭሩ በስልክ መልእክት ይላካል። እናት ከመጽሐፉ ቀድማ ትጠየቃለች ማለት ነው። ይህ ለእኛ የሚከብድ ነገር አይደለም።

አገር በቀሉን ነገር በጥንቃቄ ማየት ምን ያህል እንደሚያደርስ ማስረጃ ከፈለጉ የራሳችንን ሰው ላስታውስዎ። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ አካባቢ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያዛምቱ ነበሩ። ከዚያ የልብስ አጠባ ተነሥቶ የተካሄደው ምርምር ዓለም አቀፍ ዝናን አገኘ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። እንዶዱን ስንቱ ሰው አልፎት ሄዷል!

እንግዲህ ወደ ነጩ ዱቄት እንመለስ። የጎጃም ደጋ ዝናቡ ብዙ ነው። ለረዥም ዘመን የወረደው ዝናብ ካልሲየምንና ማግኒዚየምን ከአፈሩ እያጠበ ወስዶ፥ በምትካቸው ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም እንዲሠለጥኑበት አድርጓል። በየዓመቱ እህሉ ታጭዶ ገለባውም ሲወሰድ ከዚያው ማዕድን የተወሰነው አብሮ ይሄዳል፤ ዩሪያን የመሰለ ማዳበሪያም በአፈር ውስጥ ሲለወጥ አሲድ ያክልበታል። ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየሙ ይሟሟና የሰብሉን ሥር ያቀጭጫል፤ ፎስፎረሱንም አስሮ ይይዘዋል። ገበሬው በብድር የገዛው ማዳበሪያ መሬት ውስጥ ታስሮ ቀረ ማለት ነው። ከአገራችን የእርሻ መሬት 43 በመቶ ያህሉን አሲድነት እንዳጠቃው ይነገራል። በአዊ በኩል ብዙ ገበሬዎች እህሉን ትተው ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ እየተከሉ ወደ ከሰል ሥራ ካዘነበሉባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ቁጥሩም ቢሆን ሰውን ያታልላል። ፒኤች 5 ከፒኤች 6 በጥቂት የሚለይ ይመስላል፤ ነገር ግን አሲድነቱ 10 እጥፍ ነው፤ ከፒኤች 7 ጋራ ሲተያይ ደግሞ 100 እጥፍ ይሆናል። ያ ወዳጄን ያስጨነቀው «ሎጋሪዝም» የሚሉት ይህንኑ ነው፤ አንድ ደረጃ በወረዱ ቁጥር በዐሥር ማባዛት።

የግብርና ኖራ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ በገደሉ ላይ የሚታየው ዓይነት። በኬሚስትሪ ስሙ ካልሲየም ካርቦኔት ይባላል። የእንቁላል ቅርፊትም በአመዛኙ ይኸው ነው። ቅርፊቱን በኮምጣጤ ውስጥ ቢጥሉት አረፋ ሲያወጣ ያዩታል፤ ኖራው አሲዱን እየበላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ሲለቅ ነው፤ ይኸው ጋዝ የእንጀራን ዓይን የሚያወጣው ነው። በማሳው ላይም የሚሆነው ይህንኑ የመሰለ ነው፤ ልዩነቱ በዝግታ መሆኑና ለአንድ ሔክታር ብዙውን ጊዜ በቶን የሚቆጠር ዱቄት ማስፈለጉ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከጓዳ መጀመር ማለት የጓዳውን ሁሉ አሜን ብሎ መቀበል ማለት አይደለም። ምላስ ለእርሾ ጥሩ ዳኛ ቢሆንም በቤተ ሙከራ ምንም ነገር አይቀመስም፤ የአመድ ውሃም ዓይንን ይጎዳል። አመድ ለጓሮ ቢበጅም የአንድ ምድጃ አመድ ሔክታር አያድንም። ይህንን የሚነግረን ሚዛን ነው፤ ስለዚህ ከጓዳ ተነሥተን ወደ ልኬት መድረስ አለብን። «ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለ እርሾ አይጠይቅም» የሚሉም አሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ነገሩን የተረዳ ተማሪ ስሙን በአንድ ቀን ይለምደዋል፤ ስሙን ብቻ የሸመደደ ተማሪ ጥያቄው ጥቂት የተጣመመ ዕለት ይወድቃል።

ምሳሌ ደግሞ አያልቅም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ የሚፈላባት በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ግድም ነው፤ ባቄላው እሳት ላይ የሚቆየው ስለዚህ ነው። ግብጦ ምሬቱ እስኪወጣ ድረስ በወራጅ ውሃ ውስጥ ቀናት መሰንበቱ የሟሟነት ትምህርት ነው። ከአረቄ ማውጫው ጋን በሸምበቆ አልፎ በቀዝቃዛ ውሃ መካከል ወደ ተቀመጠው ዕቃ የሚንጠባጠበው፥ ሁለት ፈሳሾች በየሙቀት ልካቸው የመለያየታቸው ምሳሌ ነው። ተማሪ ከሆኑ ዛሬ ማታ እናትዎን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑም በጠረጴዛዎ ላይ ያለውን አንድ የሳይንስ ቃል ለአያትዎ እንዴት እንደሚያስረዱ ይሞክሩት፤ ካቃተዎ ቃሉን ገና አላወቁትም ማለት ነው።

ወዳጄ ዘንድሮ ወደዚያው ቀበሌ ተመልሶ ሄዶ ነበር። ሽማግሌውን ፈልጎ አገኛቸውና፥ «አባቴ፤ ጎመን የሚያምርልዎ የትኛው መሬት ላይ ነው?» አላቸው።

«ጓሮ ነዋ፤ አመድና ፍግ የምንደፋበት።»

«ፍጉ የራሱ ሥራ አለው። አመዱ ግን የአፈሩን ኩምጣጤ ይሰብራል። የላይኛው ማሳዎ እንደ ቆየ ሊጥ ኮምጥጦብዎታል፤ ይህ ኖራ የአመዱ ታላቅ ወንድም ነው።»

ሽማግሌው ዱቄቱን እንደገና በመዳፋቸው እያሹ ጥቂት አሰቡና፥ «ታዲያ አምና እንዲህ አትለኝም ነበር?» አሉት።

ለሚመጣው ሳምንት በደኅና ያገናኘን።